ፀሐይ ሳትሞቅ አልነሣም ያለችው ኮምፒውተሬ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝና ልዩ ልዩ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት በ1979 ዓ.ም. በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። ያቺ መኪና ሪባኗ ደርቆ ፊደሉን አደብዝዛብኝ ታውቅ ይሆናል እንጂ «ዛሬ አልነሣም» ብላኝ አታውቅም። ኮምፒውተር ከያዝኩ ወዲህ ነው በጠዋት ጸሎቴ ላይ «ዛሬስ ትነሣልኝ» የሚል ልመና የጨመርኩት።

ጋዜጦቻችን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደጋግመው ይጽፋሉ፤ ሁሉም ባይገባኝም አነባለሁ። ጠዋት ቢሮው ገብቶ ቁልፉን ሲጫን ጥቁር መስተዋት ለሚያፈጥበት ሰው ግን የሚጽፍ አላጋጠመኝም። እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ሁለት ወር ሙሉ ከአንዲት ሣጥን ጋር ስታገል ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ ሌላው ሰው እንደኔ የ11 ዓመት ሥራውን በአንድ ከሰዓት እንዳያጣ።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ያድርባታል፣ ጠዋት ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። የእኔ ክፍል ደግሞ ፊት ለፊቷ የቆመው ፎቅ ጥላውን እስኪያነሣላት፣ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ ፀሐይ አታይም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገብቼ ቁልፉን ስጫን ማራገቢያዋ ሽው ትልና ቀጥ ትላለች። መብራቷም ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ሞኒተሩ ላይ «ሲግናል የለም» የሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከወዲያ ወዲህ ይንሳፈፋል። እንደገና እጫናለሁ፤ ሽው፣ ቀጥ። እንደገና።

አንድ ቀን ጠዋት በዚህ ላይ ሳለሁ ከሰላ ድንጋይ በኩል የመጡ አንድ አባት ገቡ። በርኖስ ለብሰዋል፣ እጃቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ የፍርድ ግልባጭ አለ። የእርሻ ወሰን ክርክር ነው፣ ተፈርዶባቸዋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በቁጥር 323 ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ይቅረብ ይላል። ቀኑን ቆጠርኩ፤ 59ኛው ቀን ነው። የቆዩት ቸልተኛ ሆነው አይደለም፤ የመጓጓዣና የዳኝነት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ነው።

እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፤ እሳቸው ዝም ብለው ያያሉ። አሥር ጊዜ ሳይሞላ አይቀርም። በመጨረሻ፣

«ልጄ፣ በርዷት ነው እኮ» አሉኝ።

ሣቅሁ። «አባቴ፣ ይቺ እኮ ሰው አይደለችም።»

«ሰውማ አይደለችም። እኛ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክምብን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ይነቃል። ይቺም ድንጋይዋ በርዶት ይሆናል።» ይኸን ብለው በርኖሳቸውን አውልቀው ሣጥኗ ላይ ጣል አደረጉባት። ሌሎች ባለጉዳዮችም ነበሩ፤ ሁላችንም ሣቅን። አንዱ «ትንሽ አረቄም ቢያቀምሷት ነው» አለ። እኔም ለወግ ያህል በርኖሱን አንሥቼ መለስኩላቸው። ሣጥኗ ላይ የሚለበስ ነገር የአየር ቀዳዳዋን ይደፍናልና ማንሣቴስ ልክ ነበር። መሣቄ ነው ልክ ያልነበረው።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ20 ሲሆን ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ተጫንኩ፤ ተነሣች። ይግባኙን በሩጫ ጽፌ፣ አትሜ፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ለሬጅስትራር ገባ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጠጋኝ መመላለስ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ዘንድ በባጃጅ ጭኜ የሄድኩት በእኩለ ቀን ነው። ሱቁ ቆርቆሮ ነው፣ በዚያ ሰዓት ይጋግራል። ሰካት፣ ተጫነ፣ በአንድ ጊዜ ተነሣች። «እማማ፣ ምንም የለባትም፤ ቁልፉን በደንብ አልተጫኑትም ይሆናል» አለኝ። በ39 ዓመት የጽሕፈት ሥራ ቁልፍ መጫን አልቻልሽም ተባልኩ ማለት ነው። የማየት ዋጋ ብሎ 300 ብር ተቀበለኝ። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት፦ ሽው፣ ቀጥ።

ሁለተኛው የተሻለ መሰለኝ፤ ራሱ ጠዋት መጣና አለመነሣቷን በዓይኑ አየ። ጥቂት አሰብ አድርጎ «ዊንዶው 10 ናት አይደል? ጊዜው አልፎበታል፣ ለዚህ ነው። ፎርማት ትደረግ» አለ። ይዟት ሄደ። እኔ ፎርማት ማለት መጥረግ፣ ማጽዳት ማለት ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ለካ አጥቦ ባዶ ማድረግ ኖሯል። ከሰዓት ሲመልሳት ማያዋ ላይ አዲስ ሥዕል፣ አዲስ ቀለም ነበረ፤ የእኔ ነገር ግን አንድም የለም። በ11 ዓመት ያጠራቀምኩት ናሙና፣ የውርስ፣ የቀለብ፣ የሁከት ይወገድልኝ፣ የውል ይፍረስልኝ፣ ሁሉም ሄደ። «ፋይልሽን አውጥተሽ የያዝሽ መስሎኝ» አለ። አልጠየቀኝም፤ ብቻ መስሎታል። 800 ብር። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት፦ ሽው፣ ቀጥ። ደወልኩለት። «እንግዲያው ማዘርቦርዷ ተቃጥሏል፤ ከምትለፊ እኔ ጋ ጥሩ ዩዝድ አለ» አለኝ። ማዘርቦርድ የሚሉት ሣጥኗ ውስጥ ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ ነው።

ስለ ዊንዶው 10 የተባለውን ሌሎችም ሲደግሙት ስለሰማሁ እዚህ ላይ ላጥራው። ማይክሮሶፍት፣ ኮምፒውተሩን ለሚያሠራው ፕሮግራሙ ለዊንዶው 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት መደበኛውን የደኅንነት ማሻሻያ መላክ አቆመ ማለት ነው፤ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ኮምፒውተሩ ግን ያን ቀን አልሞተም፣ ጠዋት መነሣቱንም የሚከለክለው ነገር የለም። ድጋፉ በጥቅምት ቆሞ ኮምፒውተሯ በኅዳር ስለታመመችብኝ ሁለቱ ተገጣጥመው ነው ልጁ የተሳሳተው። ወይም ያሳሳተኝ።

አንድ ሳምንት ተናድጄ ከረምኩ። በኋላ ባለጉዳይ ሲያማርረኝ የምለው ትዝ አለኝ፤ «ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉልኝ፣ ያለ ቀን ክስ የለም» እላለሁ። ታዲያ ለራሴስ? ባለ 50 ሉክ ደብተር አወጣሁ። ሰኞ፦ 2፡10 ጀመርኩ፣ 14 ጊዜ ተጫንኩ፣ 4፡05 ተነሣች። ማክሰኞ፦ 2፡05፣ 11 ጊዜ፣ 4፡15። ረቡዕ ደመና ስለነበር 5፡30። ሐሙስ ሌላ ሶኬት ሞከርኩ፣ ስታቢላይዘሩንም አልፌ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካኋት፤ ያው ናት። ዓርብ ከሰዓት ሆን ብዬ አጥፍቼ አበራኋት፦ በአንዴ።

ቅዳሜ ነገሩ ተለየ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤቶቼ ጋር እኔ ክፍል ቡና እናፈላለን። ከሰሉ ተያይዞ፣ መስኮቱ ገርበብ ብሎ፣ ማንደጃው ከጠረጴዛው አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጧል። አቦል ሲቀዳ 2፡40 ነበር። እንዲያው እጄን ሰድጄ ቁልፉን ነካሁት። ተነሣች። በዚያ ሰዓት ተነሥታ አታውቅም። ስኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ የበርኖሱ አባት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፦ በርዷት ነው እኮ።

ደብተሬን ይዤ የሄድኩት ኮምፒውተር ቤት አይደለም። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ፣ እሳቸው ዘንድ ነው። ደብተሩን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ፦ «የት ላይ ስትደርስ ነው የምትቆመው?» የፋብሪካው አርማ ይመጣል? ጽሑፍ ይመጣል? የዊንዶው ክብ ነጠብጣቦች ይዞራሉ? ምንም አይመጣም አልኳቸው። «እንግዲያው ከዊንዶው ምን አጣላሽ፣ እትዬ? እሱ ጋ መች ደረሰች!»

ይህቺን ነገር በእኔ ቋንቋ ላስረዳ። ባለጉዳይ ወደ ችሎት ሲሄድ መጀመሪያ የሚያገኘው በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ነው። ካለፈ በኋላ ሬጅስትራር ዘንድ ይቀርባል፤ ሬጅስትራሩ ገጹ ተሟልቷል ወይ፣ ማስረጃው ተያይዟል ወይ፣ ዳኝነት ተከፍሏል ወይ ብሎ ያያል። ከዚያ ነው መዝገቡ ዳኛው ፊት የሚቀርበው። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ጥበቃው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው፣ ከኋላ ወፍራሙ ገመድ የሚሰካበት የብረት ሣጥን ነው፤ ከግድግዳው 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ያወርዳል። መብራቱ ሲስተካከልለት «ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት በአንዲት ሽቦ ለማዘርቦርዱ ይልካል፤ ያ ምልክት ካልደረሰ ማዘርቦርዱ ሥራ አይጀምርም። ሬጅስትራሩ ባዮስ የሚሉት፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ የሥራ ጊዜ ማስታወሻው ራሙ፣ ኪቦርዱ፣ ፋይሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስኩ መኖሩን ይፈትሻል። ዊንዶው ዳኛው ነው፤ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰየመው። እና ጥበቃው በር የዘጋበት ሰው «ዳኛው ይቀየርልኝ» ብሎ ቢጮህ ምን ይባላል? የእኔን ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ ያ ነበር።

አዛውንቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይምጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ብርዱ ሳይለቅ። መጡ። ከጎረቤት ውበት ሳሎን የፀጉር ማድረቂያ ተዋስን። መጀመሪያ ቁልፉን ተጫኑ፦ ሽው፣ ቀጥ። ማድረቂያውን በሣጥኗ የኋላ ቀዳዳ በኩል ለሦስት አራት ደቂቃ ሞቅ ያለ አየር ነፉባት። ተጫኑ። ተነሣች። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እሳቸው ግን አልረኩም፤ አጥፍተው እስክትበርድ ጠበቁና ከቤታቸው ያመጡትን ሌላ ፓወር ሰፕላይ ገጠሙላት። በዚያ ብርድ፣ ያለ ማድረቂያ፣ በአንድ ጊዜ ተነሣች። «አሁን ፍርድ መስጠት ይቻላል» አሉ።

አሮጌውን ወደ ሱቃቸው ወስደው ከፈቱት። ውስጡ የአቧራ ጥጥ ሞልቶታል። ከአቧራው ሥር የጣት አንጓ የሚያህሉ ክብ ክብ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ ካፓሲተር ይባላሉ። ጤነኛ ሲሆኑ አናታቸው ጠፍጣፋ ነው። ሦስቱ ግን አናታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ጉብ ብሏል፤ በአንደኛው ጠርዝ ላይ የደረቀ ቡና የመሰለ ነገር ወጥቷል። ውስጣቸው ፈሳሽ የተነከረ ወረቀት አለ አሉኝ፤ ሥራቸው መብራቱን አቁረው እየያዙ ሳይንቀጠቀጥ ማስተላለፍ ነው። በዕድሜና በሙቀት ብዛት ፈሳሹ እየደረቀ ይሄዳል። የደከመ ካፓሲተር ደግሞ ብርድ ሲይዘው የቀረችው ፈሳሽ ትወፍርና ጭራሽ አላሳልፍ ይላል፤ ሲሞቅ ይለቃል። 14 ጊዜ የተጫንኩት በከንቱ አልነበረም፤ እያንዳንዷ ሽው ጥቂት ጥቂት እያሞቀቻቸው ኖሯል። ስለዚህ ነው ቆላ ወርዳ ሸዋ ሮቢት ብትሆን ይህን ሕመም ምናልባት ሌላ ሁለት ዓመት ደብቃው ትኖር የነበረው።

እዚህ ላይ የምለምናችሁ፣ ይኸን አንብባችሁ ፓወር ሰፕላይ ራሳችሁ እንዳትከፍቱ። ከግድግዳ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያሉት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች 300 ቮልት ገደማ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። አዛውንቱ ራሳቸው ከመንካታቸው በፊት እንዴት እንደተጠነቀቁ አይቻለሁ። የማያውቅ ሰው ሙሉ ሣጥኑን አውጥቶ በሌላ ይቀይር፤ አራት ብሎን ነው። እኔ ያገለገለ በ2,200 ብር ገዛሁ፣ ለእጃቸው 400 ብር ሰጠሁ። «አዲስ ኮምፒውተር ግዢ» ከተባልኩት ጋር አይወዳደርም።

በነገራችን ላይ ሁላችንም ጠቅላላ ሣጥኑን «ሲፒዩ» እንለዋለን፤ እኔም እስከ ባለፈው ወር እንደዚያው ነበርኩ። እውነተኛው ሲፒዩ ስሌቱን ሁሉ የምትሠራው፣ ማራገቢያው ሥር የተደበቀ የክብሪት ቀፎ የማታክል ቁራጭ ናት። «ሲፒዩሽ ተበላሽቷል» ስትባሉ የትኛው ብላችሁ ጠይቁ፤ ዋጋው ይለያያል።

ከዚህ በፊት ደግሞ ሌላ ነገር ገጥሞኝ ነበር፣ ያኛው ያሣፍራል። ኮምፒውተሯ ትነሣለች፣ ግን ቀኗን ትረሳለች። በየጠዋቱ ብዙ ዓመት ወደኋላ ሄዳ የፈረንጅ ጥር 1 ትላለች፤ ቁልፍ ተጫኚ ብላም መሐል ላይ ትቆማለች። ኢሜይሌም አልከፈት አለኝ። የድረ ገጽ የደኅንነት ማረጋገጫ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ዕድሜ ስላለው፣ ኮምፒውተሩ ቀኑን ሲስት ማረጋገጫው ገና ያልተወለደ ይመስለዋል። ለዚህም ቫይረስ ነው ተብዬ ገንዘብ ከፍያለሁ። የጎደለው ማዘርቦርዱ ላይ የምትቀመጥ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነበረች። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ቁጥሯ መጠኗ ነው፣ ወርዷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር። ሰዓት ቤት ትሸጣለች። ነቅሎ መቀየር፣ ቀኑን ማስተካከል፣ አለቀ። የበርኖሱ አባት «ድንጋይዋ» ያሉት እንግዲህ እውነትም ሣጥኗ ውስጥ አለ፤ በብርዱ ሕመም ጥፋተኛዋ እሷ አልሆነችም እንጂ።

አዛውንቱ ሌላም ነገሩኝ፤ የማስታውሰውን ልጻፍ። ማራገቢያው ሳያቋርጥ እየዞረ ማያው ጥቁር ከሆነ፣ ወይም ሣጥኑ ጢጥ ጢጥ እያለ የሚጮህ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው። የጩኸቱ ቁጥር ትርጉም እንደ ባዮሱ አምራች ይለያያል። ገመዱን ከግድግዳ ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ ወርቅማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ቀስ ብሎ አሽቶ፣ ፍርፋሪውን አራግፎ፣ ቀጭ እስኪል መልሶ መክተት ነው። የእኛ አቧራ ብዙ ሥራ ይሠራል። ጽሑፍ መጥቶ «ማስነሻ ዲስክ የለም፣ ትክክለኛውን ምረጥ» የሚል እንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ጥበቃውንም ሬጅስትራሩንም አልፋለች፤ ዳኛውን ነው ያጣችው። ያኔም ገና ፎርማት አይባልም። ባለጉዳይ ሰክቶት የሄደው ፍላሽ እንዳለ ይታይ፤ እኔ አንዴ በዚህ ግማሽ ቀን ባክኛለሁ። የሃርድ ዲስኩ ገመድ መላላቱ ይታይ። የሳንቲሟ ባትሪ ስትሞት የባዮሱ ምርጫ ተበላሽቶ ዲስኩን ትቶ ሌላ ቦታ ሲፈልግም ይገኛል። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው አጥፍቶ ፋይሉን ወደሚያወጣ ሰው መሄድ ነው፤ በደጋገማችሁት ቁጥር ይብስበታል።

ፎርማት ተደርጎባችሁ ከሆነም ሁሉም አላለቀም። ፈጣን ፎርማት የሚባለው በሃርድ ዲስክ ላይ ፋይሉን ሳይሆን ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፤ መዝገብ ቤት ሳይቃጠል የመዝገቡ ዝርዝር እንደ መቀደድ ነው። አዲስ ነገር በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ አሮጌው እዚያው አለ። እኔ ይኸን ሳላውቅ ሦስት ሳምንት ስጽፍበት ቆየሁ። የእህቴ ልጅ ዲስኩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ከጠፋው ምናልባት ሲሶውን አወጣልኝ፤ ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ። አሁን ማታ ማታ አንድ በአንድ እየከፈትኩ የማን ክስ እንደሆነ እለያለሁ። «ተከሳሽ ድንበር አልፎ» የሚል ሳገኝ የጠፋ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ነው። የተገኘውን በሁለት ፍላሽ ይዤዋለሁ፣ አንደኛው ቤቴ ነው የሚያድረው።

ጠጋኞቻችንን ሌቦች ናቸው ለማለት አይደለም የተነሣሁት። የሁለተኛውን ልጅ ስምም ሱቅም አልጽፍም፤ ሌላ ሥራ ያጣ ልጅ ነው፣ የተማረውም ፎርማት ማድረግ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ግን ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝና ሕግ ሳልጠቅስ አልወጣም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ኮምፒውተር ማስጠገንም አገልግሎት ነው። ስለዚህ ፎርማት ከመደረጉ በፊት «ያለሽ ሁሉ ይጠፋል፣ አውጥተሻል ወይ» መባል ነበረብኝ። ደረሰኙ ላይም «ጥገና» ከሚል አንድ ቃል ይልቅ ምኑ ተበላሽቶ ምኑ እንደተቀየረ ቢጻፍ፣ የወለቀውም ዕቃ ለባለቤቱ ቢመለስ መልካም ነው። አዛውንቱ ሦስቱን የተነፉ ካፓሲተሮች በክብሪት ቀፎ አድርገው ሰጥተውኛል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፣ ለጠየቀኝ ሁሉ አሳያለሁ።

መሥሪያ ቤቶችንም አንድ ነገር ልበል። በየንብረት ክፍሉ «አገልግሎት የማይሰጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው፣ ይወገዱ የሚል ደብዳቤ የሚጠብቁ ኮምፒውተሮች ተደራርበው አያለሁ። ደብዳቤውን ራሴም ጽፌ አውቃለሁ። አሁን ግን ሳያቸው እጄን ይበላኛል። ከማስወገድ በፊት አንድ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ፣ አንዲት የሳንቲም ባትሪና አንድ ላጲስ የያዘ ሰው ግማሽ ቀን ቢሰጠው ምን ይጎዳል? ካልተነሣች ያኔ ትወገድ።

ባለፈው ሳምንት፣ በጥር፣ የበርኖሱ አባት ለቀጠሮ መጥተው ወደ እኔ ጎራ አሉ። ይግባኛቸው «ያስቀርባል» ተብሏል፤ ክርክሩ ይሰማል ማለት ነው። ከተቀመጡ በኋላ በከዘራቸው ወደ ሣጥኗ ጠቆሙና «ያቺ በሽተኛሽ እንዴት ናት?» አሉ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከሩብ ነው፣ ውጪ ውርጩ አልለቀቀም። ምንም ሳልመልስላቸው ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ማራገቢያዋ ሽው አለች፣ ቀጠለች፤ አርማው መጣ። እሳቸው ተነሥተው መዳፋቸውን ሣጥኗ ላይ አሳረፉና ጥቂት ቆዩ።

«ገና ቀዝቃዛ ናት» አሉኝ። «እንደዚህ ሆና ከተነሣች ድናለች።»

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የማመልከቻ ጸሐፊ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ